ይነፋል እንጂ አያቀዘቅዝም፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት የኤሲውን ሴንሰር ለኩ

ድሬዳዋ ላይ ኤሲ ሲያስቸግር ከሰው አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ጋዝ ነው። ባለሙያው "ጋዝ ጨርሷል" ይላል። ጎረቤት "ጋዝ አስሞሉት" ይላል። ኤሲ ኖሮት የማያውቅ ሰው ሳይቀር "አቦ፣ ጋዝ ነው" ብሎ ያልፋል። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የባቄላ ፍሬ የማታክል፣ በሁለት ቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለች ሙቀት የምትለካ ሴንሰር ናት። እሷን ለመመርመር መልቲሜትር፣ ካቻቢቴና አንድ ብርጭቆ በረዶ ይበቃል።

እኔ የኤሲ ባለሙያ አይደለሁም። እንጀራዬ የቴሌቪዥንና የሪሲቨር ጥገና ነው። ይህን ነገር የተማርኩት በአክስቴ ኤሲ ላይ ነው።

አክስቴ ሳቢያን ነው የምትኖረው። ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ስፕሊት የሚባለው ዓይነት አላት። ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኑ አመል አወጣ። ሲከፈት ደህና ይጀምራል፤ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውጪ ያለው ማሽን ጸጥ ይላል። ውስጥ ያለው ፋን ግን መንፋቱን አያቆምም። ትንሽ ቆይቶ ውጪው እንደገና ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ምንም የስህተት ኮድ የለም፣ የሚያብለጨልጭ መብራት የለም። "ይነፋል እንጂ አያቀዘቅዝም" አለችኝ።

ከእኔ በፊት አንድ ልጅ መጥቶ ጋዝ ሞልቶ ሄዷል። ለውጥ የለም። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ "ያፈሳል፣ ቱቦው ይቀየር" አላት። ያኔ ነው እኔ የተጠራሁት።

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስትመጣ የጋዙ ግፊት መለኪያ ጌጅ ስንት አነበበ?" አልኩት።

"እሱስ ደህና ነበር። ግን ትንሽ ጨመርኩለት።"

ደህና ከነበረ ምኑን ነው የጨመረው? ጋዝ እኮ አይነድም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ካነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የሚያፈስበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ይተዋል። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ታያላችሁ። ቀጭኗ ቱቦ ላይ በረዶ ይይዛል። አክስቴ ማሽን ላይ ሁለቱም አልነበሩም። ከዚህም በላይ፣ ጋዝ ያነሰው ማሽን ክፍሉ አልቀዘቅዝለት ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዕረፍት ይሮጣል። የእሷ ግን ቶሎ ቶሎ ይቆማል። አንድ ነገር "በቃህ፣ አቁም" እያለው ነው።

ያ "አቁም" የሚለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑ በምን እንደሚያስብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውስጥ ባለው ማሽን ሁለት ሴንሰር አለ። አንደኛው ፊልተሩ ኋላ፣ ከኮይሉ (አየሩን ከሚያቀዘቅዘው የቱቦ መረብ) ፊት ለፊት በፕላስቲክ ክሊፕ ተይዞ የሚቀመጠው ነው። ከክፍሉ የሚገባውን አየር ይለካል። ብዙ ጊዜ ጥቁር ጠብታ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው የመዳብ ቆብ ያለው ሲሆን ኮይሉ ላይ በተበየደ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይሰካል። የእሱ ሥራ የኮይሉን ቅዝቃዜ መጠበቅ ነው። ኮይሉ ወደ ዜሮ ዲግሪ ከቀረበ በረዶ ይሠራል፣ አየር አያሳልፍም። ስለዚህ ቦርዱ፣ የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ አእምሮ፣ ኮምፕሬሰሩን (ውጪ ያለውን ጋዝ ገፊ ሞተር) አቁሞ ፋኑን ብቻ ያስነፋል፣ በረዶው እስኪቀልጥ። ኢንቨርተር የሆኑት (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንዳስፈላጊነቱ የሚለዋውጡት) ውጪ ባለው ማሽንም ተጨማሪ ሴንሰሮች አሏቸው።

ሁሉም ቴርሚስተሮች ናቸው። ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግዱበት መጠን) ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዙ ይጨምራል። ይህችን አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። ቦርዱ የሚያየው ዲግሪ ሳይሆን ሬዚስታንስ ነው። 5 ቮልት (አንዳንዱ ላይ 3.3) በአንድ ቋሚ ሬዚስተርና በሴንሰሩ መካከል ይከፈላል፤ ቺፑ መሃል ላይ ያገኘውን ቮልት አንብቦ "ይህን ያህል ዲግሪ ነው" ይላል። ሴንሰሩ ከዋሸ እሱም አብሮ ይዋሻል።

ሽቦው ጨርሶ ከተበጠሰ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ቦርዱ ይነቃል። እንዲህ ያለ ሙቀት ሊኖር አይችልም ብሎ ኮድ ያወጣል። ለምሳሌ ግሪ በሚባለው ፋብሪካ ማሽኖች ላይ ኤፍ1 የክፍሉ ሴንሰር፣ ኤፍ2 የኮይሉ ሴንሰር ነው። ኮድ ካለ ዕድለኛ ናችሁ፤ መመሪያውን ማንበብ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት የሚናገረው ሴንሰር ነው። ይሠራል፣ ሙቀት ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፣ ግን ያዛንፋል። ቦርዱ አይጠረጥረውም። የአክስቴም እንዲህ ያለው ነበር።

ወደ መልቲሜትሩ ከመሄዴ በፊት ፊልተሩን አወጣሁ። ይህን አትዝለሉት። የድሬ አቧራ የደፈነው ፊልተር ኮይሉን እውነትም በረዶ ያስይዘዋል፤ ያኔ ሴንሰሩ "አቁም" ሲል ልክ ነው። የእሷ ንጹህ ነበር። ማሽኑን ከፍቼ ኮምፕሬሰሩ እስኪቆም ጠበቅሁና ወዲያው በባትሪ ኮይሉን አየሁት። እርጥብ ነው፤ በረዶ ግን የለም። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬዬ ወደ ኮይሉ ሴንሰር ዞረ። በረዶ በሌለበት በረዶ አለ የሚል ሌላ ማን አለ?

ልኬቱን እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም፤ ቦርዱ ላይ 220 ቮልት እንዳለ ነው። ኢንቨርተር ከሆነ ደግሞ ውጪ ያለውን ማሽን አትክፈቱ። መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለዛሬው ጉዳያችን የውስጡ ይበቃናል።

ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ቢያድር ጥሩ ነው። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ማሽን ውስጥ ኮይሉም አየሩም እኩል ሙቀት ላይ ይሆናሉ። ሁለቱን ሴንሰሮች እርስ በርስ ማነጻጸር የሚቻለው ያኔ ነው። ሽፋኑን ፈትቶ ቦርዱ ጋ ሲደርሱ ሁለት ባለ ሁለት እግር ነጭ ሶኬቶች ይታያሉ። ብዙ ቦርዶች ላይ "ሩም" (ክፍል) እና "ፓይፕ" (ቱቦ፣ ማለትም ኮይሉ) የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል። ሽቦውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ይዞ መንቀል ነው፤ ሽቦውን ይዞ የሚጎትት ሰው ሁለተኛ ብልሽት ይፈጥራል። ሴንሰሩ ቦርዱ ላይ እንደተሰካ መለካት ግን ዋጋ የለውም። የቦርዱ ሬዚስተሮች ቁጥሩን ያበላሹታል።

መልቲሜትሩ 20 ኪሎ ኦም ላይ (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው)። ሁለቱንም ጫፎች በጣታችሁ አትያዙ፤ የሰውነታችሁ ሬዚስታንስ ይገባበታል።

ቁጥሮቹን እንነጋገር። ቤት ውስጥ በሚገኙ ኤሲዎች በብዛት የሚያጋጥማችሁ 25 ዲግሪ ላይ 5 ኪሎ ኦም ወይም 10 ኪሎ ኦም የሆነ ነው። ሌላም አለ፤ ግሪ ለክፍሉ 15፣ ለኮይሉ 20 ኪሎ ኦም ይጠቀማል። የ10 ኪሎው ዓይነት 20 ዲግሪ ላይ 12.5 አካባቢ፣ 30 ዲግሪ ላይ 8 አካባቢ፣ ዜሮ ላይ 33 አካባቢ ያነባል። የ5 ኪሎው 30 ዲግሪ ላይ ከ4 ትንሽ በላይ፣ ዜሮ ላይ ከ14 እስከ 15 ነው። እንደ ፋብሪካው ትንሽ ይለያያል፤ አሥር በመቶ ልዩነት አያስደንግጣችሁ።

የአክስቴ ሳሎን ያን ጠዋት 31 ዲግሪ ነበር። የክፍሉ ሴንሰር 4 ኪሎ ኦም አነበበ። ልክ ነው፣ የ5 ኪሎው ዓይነት ነው። የኮይሉ ግን 7.8 አለ። እዚያው፣ በዚያው ሙቀት፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ቦርዱ ኮይሉን 14 ዲግሪ ነው ብሎ ያምናል። ሲሠራና ኮይሉ በደህናው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ቦርዱ የሚያየው ከዜሮ በታች 5 ነው። በረዶ ይዟል ብሎ ኮምፕሬሰሩን ያቆማል። ፋኑ ይነፋል። ኮይሉ ሲሞቅ እንደገና ያስነሳል። አክስቴ ያለችው በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ።

ብዙ ቦታ "ሴንሰሩን በእጅህ ጨብጠው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ካየህ ጤነኛ ነው" ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ያስኬዳል። ድሬ ላይ በግንቦት ግን የእጅ ሙቀትና የክፍሉ ሙቀት ተቀራራቢ ናቸው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል ሴንሰሩን ያለ ጥፋቱ ልትጥሉት ትችላላችሁ። ደግሞም የሚያዛንፍ ሴንሰርም ሲጨበጥ ይወርዳል። እሱ ፈተና አያጣራም።

የሚያጣራው በረዶ ነው። በረዶ ደቀቅ አድርጋችሁ ብርጭቆ ሙሉት፣ ክፍተቱን የሚሞላ ውሃ ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ አማስሉት። ያ ዜሮ ዲግሪ ነው። ድሬም ሆነ አዲስ አበባ ለውጥ የለውም። የፈላ ውሃ ግን እንደ ከፍታው ይለያያል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ 100 ነው ብላችሁ አትለኩበት። የሴንሰሩን ጫፍ ብቻ በቀጭን ፌስታል ጠቅልላችሁ ንከሩት፤ ሶኬቱ እንዳይረጥብ። የክፍሉን ሴንሰር ስነክረው 14 ላይ ደርሶ ረጋ። የኮይሉን ስነክር ሜትሩን ወደ 200 ኪሎ ማዞር ነበረብኝ፤ 28ን አልፎ አልረጋም፣ ይወጣል ይወርዳል። ሽቦውን ቆቡ አጠገብ ስነካካው ጭራሽ ዘለለ። ቆቡ ሥር ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቆ ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የኮይል ሴንሰር ኑሮው እርጥበት ውስጥ ነው፤ ቀን ቀን ይረጥባል፣ ማታ ይደርቃል። ውሃ አንዴ ከገባ አለቀ።

ሶኬቱ ብቻ ዝጎም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፣ ስለዚህ ሴንሰሩን ከመኮነናችሁ በፊት እግሮቹን በአልኮል ጠርጋችሁ እንደገና ለኩ። አይጥ የነከሰው ሽቦም ያጋጥማል።

ግዢ ከመሄዴ በፊት አንድ ማረጋገጫ ሠራሁ። ይህችን እወዳታለሁ። ከኮይሉ ሶኬት ሴንሰሩን ነቅዬ በምትኩ 4.7 ኪሎ ኦም ተራ ሬዚስተር ሰካሁ። ቦርዱ ኮይሉ 26 ወይም 27 ዲግሪ ነው ብሎ ያስባል። ሽፋኑን መልሼ፣ ብሬከሩን አንስቼ፣ ሪሞቱን 20 ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ ሠራ። ቴርሞሜትር ይዤ ስለካው የሚገባው አየር 30፣ የሚወጣው 19 ዲግሪ ነበር። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ያለው ማሽን ጋዙም ኮምፕሬሰሩም ደህና ነው። አክስቴ "በቃ እንዲሁ ተወው" አለችኝ። አይሆንም! ሬዚስተር ተሰክቶ እያለ የበረዶ መከላከያው የለም። ለጥቂት ደቂቃ ምርመራ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም።

ከዚራ አንድ ሱቅ ገባሁ።

"የኤሲ ሴንሰር አለህ?"

"ሞልቷል።"

"ስንት ኪሎ ኦም ነው?"

"የኤሲ ነው አልኩህ እኮ።"

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። የ5 ኪሎ ቦታ ላይ የ10 ኪሎ የክፍል ሴንሰር ብታስገቡ፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ቦርዱ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው ብሎ ያስባል። ፈጽሞ አያቀዘቅዝም። የ10 ቦታ ላይ የ5 ከገባ ደግሞ ክፍሉን ከ40 በላይ ያደርገዋል፤ ማሽኑ ቀን ከሌት ይሮጣል፣ ቆጣሪው ይበላል። ስለዚህ መልቲሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባንኮኒው ላይ ለኩ፤ የሱቁን ሙቀትም አስቡበት። ሌላ ቤታ የሚባል ቁጥር አለ፤ ሬዚስታንሱ ከሙቀቱ ጋር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚናገር። 3470 እና 3950 በብዛት ይታያሉ። 25 ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሴንሰሮች ዜሮ ላይ የሚለያዩት በእሱ ነው። ባለሱቁ ካላወቀ ቤት ወስዳችሁ በረዶ ውስጥ ከጤነኛው ጋር ጎን ለጎን ንከሯቸው። ማሽናችሁ ሁለቱም ሴንሰሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለቱም እኩል ማንበብ አለባቸው።

ስትገጥሙት ቆቡ ቱቦው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይግባ፤ የሚይዘው ትንሽ የብረት ስፕሪንግ አለ፣ እንዳይጠፋባችሁ። ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ቦርዱ ላይ እንዳይወርድ። ሽቦ መቀጠል ካስፈለገ በይዱት፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አልብሱት። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው እዚያ እርጥበት ውስጥ ዕድሜ የለውም።

የአክስቴ ማሽን ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ወሬው ግን ሰፈር ገባ፣ ጎረቤትም ጠራኝ። እሷ ዘንድ ነገሩ የተለየ ነበር። ኤሲው ከታጠበ ወዲህ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ይዘጋል። ሽፋኑን ስከፍት የክፍሉ ሴንሰር ከክሊፑ ወጥቶ ኮይሉ ላይ ተለጥፏል። ያጠበው ሰው አልመለሰውም። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ የሚለካው ግን ክፍሉን ሳይሆን ኮይሉን ነው። ክሊፑ ውስጥ መለስኩት፣ አለቀ። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደተቀመጠ እዩ።

ሌላም ሰውን ግራ የሚያጋባ ነገር ሪሞቱ ነው። አንዳንድ ሪሞቶች በውስጣቸው ሴንሰር አላቸው፤ "ፎሎ ሚ" ወይም "አይ ፊል" የሚል ቁልፍ ካያችሁ ያ ነው። ሲበራ ማሽኑ የራሱን የክፍል ሴንሰር ትቶ ሪሞቱ ያለበትን ሙቀት ያምናል። ሪሞቱ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ከተቀመጠ ክፍሉ በረዶ ቤት እስኪሆን ይሠራል። ምንም ከመፍታታችሁ በፊት አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ሁለቱም ሴንሰሮች በክፍሉ ሙቀትም በበረዶም ልክ አንብበው፣ ቦታቸው ላይ ሆነው፣ ማሽኑ አሁንም ያለ ምክንያት የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቦርዱ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጎዳው እሱ ነው። እዚያ ላይ በራሳችሁ ቮልት ለመለካት አትሞክሩ። አንዳንድ ቦርድ ላይ ያ 5 ቮልት ከመስመሩ ያልተለየ ነው፤ ሴንሰሩን ነካሁ ስትሉ 220 ትነካላችሁ። ለሚመጣው ባለሙያ ቁጥሮቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፦ የክፍሉ ሙቀት፣ የሁለቱ ሴንሰሮች ንባብ፣ የበረዶው ንባብ፣ የሚገባውና የሚወጣው አየር። ጎበዝ ባለሙያ ግማሽ ሥራ እንደቀለለለት ያውቃል።

ጅዳ ያለች የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምታ በእሷ ቤት ኤሲ ላይ ሴንሰሩን ፈልጋ ማጣቷን ነገረችኝ። የእሷ መስኮት ላይ የሚገባው፣ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ዓይነት ነው። እሱ ቴርሚስተር የለውም። ከቁልፉ ጀርባ ጋዝ ያለበት ቀጭን የመዳብ ዘንግ ወጥቶ ኮይሉ ፊት ይቀመጣል፤ ሲቀዘቅዝ ማብሪያውን ያላቅቃል። ይህ በኪሎ ኦም አይለካም። ከመብራት ነቅላችሁ ሽቦዎቹን ከቴርሞስታቱ ላይ አላቅቁ፣ ቁልፉን ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ አዙሩ፣ ሁለቱ እግሮች በመልቲሜትር ሊገናኙ ይገባል። የዘንጉን ጫፍ በረዶ ውስጥ አስገብታችሁ ቁልፉን ወደ ሙቀቱ ስትመልሱት ደግሞ ቀጭ ብሎ ይለያያል። ካልተገናኘ ወይም ካልተለያየ ቴርሞስታቱ ይቀየራል። ዘንጉን ግን አትቆልምሙት፤ አንዴ ከተሰበረ ውስጡ ያለው ጋዝ ይወጣና ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ አይነሳም። የእሷ ዘንግ ኮይሉን ነክቶ ነበር የተገኘው፤ ትንሽ አርቃ በፕላስቲኩ መያዣ አሰረችው።